ከቅንጭቡ ማዶ የሚበቅል እንጉዳይ

የእኔንና የታናሽ እህቴን ግቢ የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። አጥሩ ሰው አያሳልፍም፤ ሽታ ግን ያሳልፋል። በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ወጥቶ የሰው ሁሉ ሆድ ከጀርባው ጋር በተጣበቀበት ሰዓት፣ እህቴ ሽንኩርቷን በኑግ ዘይት አቁላልታ እንጉዳዩን ስትጨምርበት ሽታው በቅንጭቡ ሾልኮ መጥቶ እኔ ደጃፍ ይቀመጣል። እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ አንጀቴ እርር ይላል። ልጆቼ የራበኝ እየመሰላቸው ያዝኑልኝ ነበር። ርሃብ አልነበረም፤ ቅናት ነበር። ስሙን አልቀይረውም።

አባታችን አቃቂ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ የእርሻ መሬት ነበረው። ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፣ ጥቂት ከብት ያረባል። ሲሞት መሬቱ ለሁለታችን ተከፈለ። ሽማግሌዎቹ ገመድ ዘርግተው ሲለኩ ገመዱ በአሮጌው የከብት በረት መሃል ለመሃል አለፈ። ግማሹ በረት ለእኔ፣ ግማሹ ለእሷ ሆነ። ከብቶቹ ቀደም ብለው ከዚያ ስለተነሱ የቀረው የብዙ ዘመን ፍግና የበሰበሰ ጭድ ነበር። በየክረምቱ እንጉዳይ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

እናታችን ልጆች ሳለን ከዚያ እየለቀመች ለፍልሰታ ትሠራልን ነበር። "የጾም ሥጋ" ነበር የምትለው። ለፋብሪካ ሥራ ከሌላ አገር መጥተው አጠገባችን የሰፈሩ ሰዎች "የጅብ ጥላ ነው" ብለው ይጸየፉታል፤ ልጆቻቸው በእግራቸው እየመቱ ይበትኑታል። እናቴ ግን የሚበላውን ከመርዘኛው የምትለየው ገና ከሩቅ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጥላው ገና ሳይዘረጋ፣ ከሥሩ ጠምዘዝ አድርጋ ትነቅለዋለች። በቢላ አትነካውም። በእጇ እየተረተረች ድስት ውስጥ ስትጨምረው ዓይናችን ከእጇ አይነቀልም ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። አፈሩ አንድ ነው። ዝናቡም አንድ ነው። ፍጉን የጣሉትም ያው ላሞች ናቸው። አጥሩ ከተተከለና እኔም ቤቴን በረቱ አጠገብ ከሠራሁ ወዲህ ግን እንጉዳዩ በእሷ በኩል ብቻ ይወጣ ጀመር። በእኔ በኩል የሚወጣው ሳማ ነው።

ነገሩ የሆድ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ጎመን አለ፣ ምስር አለ። እንጉዳዩ ግን እናቴን ይዞብኝ ይሄድ ነበር።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ እኔ ጋ ነበር የምትኖረው። ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን አለው። ባሌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ልጆቼ ይላላኩላታል፣ እግሯን ያጥቧታል። ነሐሴ ሊገባ ሲል ግን ነጠላዋን ታጣፋና "ፍልሰታን እዚያ ልጹም" ትላለች። እዚያ ማለት ከቅንጭቡ ማዶ ማለት ነው። በመጀመሪያ ጾሙ ሲፈታ ትመለስ ነበር። ቆይቶ እስከ መስቀል መሰንበት ጀመረች። አንድ ዓመት ጭራሽ ሳትመለስ ቀረችና "ሳጥኔን ስጡኝ" ብላ ላከች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁለት ቀሚስና አንድ ጋቢ ነው። ልጆቼ ግራና ቀኝ ይዘው በእህቴ በር ሲያስገቡት ቆሜ አየሁና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሄጄ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ ምን አጎደልኩብሽ?"

"ምንም" አለች። "እንጉዳይ እንደምወድ ታውቂያለሽ። አንቺ ጋ ቢበቅል አንቺ ጋ ነበርኩ።"

"ከበቀለ ትመለሻለሽ?"

"ከበቀለ ምን አስቀረኝ! ሳጥኔን አሸክሜ እመጣለሁ።"

ያን ቃል ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እንጉዳይ ለእኔ ምግብ መሆኑ ቀረ፤ እናቴን የማስመለሻ መንገድ ሆነ።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔና እሷ በምንም አንመሳሰልም። እሷ ድስቷን ሳታጥብ ታሳድራለች። መጥረጊያዋ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይከርማል። ትስቃለች፤ ሲመክሯትም ትስቃለች። ለምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር የተዳረችው። ባሏ ወደ ድሬዳዋ ሲመላለስ እዚያ ሌላ ቤት ሠርቶ በዚያው ቀረ። ልጅ አልወለደችም። ባቡሩ ወደ ጣቢያው ሲቃረብና ሲያፏጭ የያዘችውን ታስቀምጥና ወደ ሐዲዱ ታያለች። ከዚያ የያዘችውን መልሳ ታነሳለች። ይህን ሁሉ በዓይኔ አያለሁ፤ ደግሞም እቀናባታለሁ። ሰው ባሏ ትቷት በሄደ ሴት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እናቴ ያለችው እሷ ጋ ነዋ።

እሷን የምበልጣት በአንድ ነገር ነበር፤ በንጽሕና። ይህን ደግሞ አገር ያውቃል። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ጥራጊ ማቃጠል የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ወግ ነው። ድሮ በዚያ ወር በሽታ ገብቶ ሰው ስለፈጀ፣ እንዳይመለስ ተብሎ ግቢው ይጠረጋል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታጠናል። ሌላው ሰው ደጃፉን ጠርጎ እፍኝ ቅጠል ካጨሰ በቂው ነው። እኔ ግን ዶማዬን ይዤ አሮጌው በረት ላይ እወጣለሁ። ክረምቱን ሲበሰብስ የከረመውን ጭድ፣ ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ የወረሰውን ፍግ፣ ጥቁሩ አፈር እስኪታይ ድረስ እፍቀዋለሁ። ከምሬ አደርቀውና በዕለቱ አነደዋለሁ። አመዱንም መልሼ እበትነዋለሁ። እናቴ ከቅንጭቡ ማዶ ሆና እንኳ "የጓሮውን በረት እንዳትረሺ፣ ልጄ" ትለኛለች። ስጨርስ ደግሞ "እንዳንቺ ያለ ንጹሕ ሴት አቃቂ ላይ የለችም" ትላለች፤ ያውም እህቴ እየሰማች። ያቺን ቃል ዓመቱን ሙሉ እንደ ስንቅ እቆነጥራታለሁ።

እህቴ በበኩሏ ኅዳር መጣ ብላ ጭድ አታነሳም። ደጃፏ ላይ ጥቂት ቅጠል አጭሳ እጇን ታራግፋለች።

ሳጥኑ ከሄደ በኋላ እህቴን መሰለል ጀመርኩ። በቅንጭቡ መሃል ዓይኔን ሰክቼ የምታደርገውን ሁሉ አያለሁ። ጥር ላይ ጤፍ ሲወቃ ጭድ አምጥታ ትበትናለች፤ እኔም አመጣሁ። በላዩ ላይ እበት በውሃ በጥብጣ ትረጫለች፤ እኔም ረጨሁ። ከፋብሪካው የሚጣለውን የጥጥ ጉድፍ ሰው እየለመነች ትጨምርበታለች። እዚህ ላይ እንኳ በለጥኳት፤ ባሌን በጆንያ አስመጣሁት። እንጉዳዩን ያጠበችበትን ውሃ መልሳ እዚያው ትደፋለች፣ የቆረጠችውን ሥር እዚያው ትቀብራለች። እኔ የምደፋውም የምቀብረውም ስላልነበረኝ ኩራቴን ውጬ ጠየቅኳት። ደስ ብሏት በእፍኟ ሙሉ ሥር ሰጠችኝ። ቀበርኩት። ክረምቱ መጣ፤ ዘነበ። ሳማ በቀለ።

ጭድ የሚሰጡን ከሐዲዱ በታች የሚያርሱ የዚያው አገር ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ባስቸግራቸው ጊዜ "አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ የእኔ መሬት ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው በሬና ጤፍ ነው" አሉ። "የጅብ ጥላን ጅቡን ጠይቂ።"

ጠበልም ሞከርኩ። ከቤተ ክርስቲያን በጣሳ አምጥቼ በረቱን ዳር እስከ ዳር ረጨሁት። ሳማው ጠበሉን ወደደው መሰለኝ፣ በዚያ ዓመት እስከ ወገቤ ደረሰ። ባሌ ሳቁን አፍኖ "አንቺ ሴትዮ፣ ሌላው ሚስቱ በሴት ስትቀናበት ይቸገራል፤ የኔዋ በእንጉዳይ ቀናች" አለኝ። እራቱን ዘግይቼ ሰጠሁት።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና እህቴን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። "መድኃኒት አለሽ። ከማን እንዳመጣሽው ንገሪኝ።"

"የምን መድኃኒት፣ እትዬ?"

"ታዲያ ያንቺ ሲበቅል የእኔ ለምን አይበቅልም? አፈሩ የአንድ አባት ነው!"

ሳቀች፤ እንደ ልማዷ። "ምቀኛ አታሳጣኝ!" ብላ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ቀጥላ ደግሞ ፊቷ ለስለስ አለና "ላንቺማ ሳህን ሙሉ እልክልሻለሁ፤ ምን አስጨነቀሽ?" አለችኝ። ከሳቋ ይልቅ ያ ማዘኗ አቃጠለኝ። ሳህኑ ሲመጣ ለልጆቹ ሰጥቼ እኔ አልቀመስኩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኅዳር አራስ ሆኜ አገኘኝ። ወሩ በገባ በሳምንቱ የመጨረሻ ልጄን ወልጄ አልጋ ላይ ነበርኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች፤ ሳጥኗን ባታመጣም እሷ መጣች። ገንፎ ታገነፋልኛለች፣ ሕፃኗን ታጥባለች፣ እግሬ ሥር ትተኛለች። እህቴ ከቅንጭቡ ማዶ ብቻዋን ስታስል እሰማለሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በኅዳር ዐሥራ ሁለት ጠዋት እናቴ ባሌን ጠራችው። "ልጄ፣ ዛሬ እሷ መነሳት አትችልም። የጓሮውን በረት አንተ ፍቀህ አቃጥልልኝ።"

"እሺ እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ" አለ።

ወጣ ብሎ ቆየና ተመለሰ። "አቃጠልከው?" አለችው። "እንዴታ!" አለ። ባሌን እኔ ስለማውቀው አልጋዬ ላይ ሆኜ አሸተትኩ። የሸተተኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ነበር፤ የፍግ ጭስ አልነበረም። በር ላይ ጥቂት ቅጠል ለኩሶ ገብቷል ሰነፉ። ልናገረው አፌን ስከፍት ሕፃኗ አለቀሰች፤ ጡቴን ሰጠኋትና ነገሩን ተውኩት።

ክርስትናው እንዳለፈ እናቴ ሳጥኗ ወዳለበት ተመለሰች። በጥር መጨረሻ ወገቤ ገና ስላልጠና እንደ ወትሮው መሬቱን አላጸዳሁም። አዲሱን ጭድ በአሮጌው ላይ በትኜ፣ እበቱንና የጥጥ ጉድፉን ጨምሬ፣ ተስፋም ሳላደርግ ተውኩት።

ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ጠዋት፣ ሳማ ልቆርጥ ወጣሁ። ከቅንጭቡ ሥር ጭዱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ነጭ ራስ አየሁ። ከአጠገቡ ሌላ። ከሱ ራቅ ብሎ ደግሞ አብረው የተወለዱ የሚመስሉ ሦስት፣ አራት፣ ጭዱን በራሳቸው ተሸክመው። አንዱን ገልብጬ ሥሩን አየሁት። ራሱ ነው፤ የእናቴ የጾም ሥጋ ነው። ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። መቼም ሌላ ሰው ቢሆን "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። እኔ ያልኩት "አሁን ሳጥኑ ይመለሳል" ነበር።

እንዳስተማረችን እየጠመዘዝኩ ነቀልኩና በእንቅብ አድርጌ፣ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ ወደ እህቴ ቤት ገሰገስኩ። እህቴ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትባዝታለች። እፊቷ አስቀምጬ ነጠላውን ገለጥኩት።

"ከየት ነው?" አለች።

"ከእኔ በረት!"

እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጥቁር አለ። እንጉዳዩን አልነካችውም። "ኅዳር ላይ አልተቃጠለም እንዴ?" አለች።

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም ነበር። "ባሌ ደጃፍ ብቻ አጭሶ ዋሽቶሽ ነው እንጂ..." ብዬ ጀመርኩና መሃል ላይ ቀረሁ። ከመደቡ ጫፍ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር?"

"አባትሽ በረት ውስጥ እንጉዳይ ስለቅም ነው ያረጀሁት" አለች። "ያ ነጭ ክር ሻጋታ አይደለም፤ ዘሩ እሱ ነው። እሱን ፍቀሽ ካቃጠልሽው፣ አመድም ከበተንሽበት፣ ጥጥ ብታለብሺው ጭድ ብታለብሺው ምኑ ይበቅላል?"

"እና በየዓመቱ 'እንዳትረሺ' የምትይኝ..."

"አዎ።"

"'እንዳንቺ ያለ ንጹሕ ሴት የለችም' የምትይኝስ?"

ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አነሳች። "ንጹሕማ ነሽ" አለች።

ዓመት ሙሉ እንደ ስንቅ የምቆነጥራት ቃል እንዲህ ሆና ተገኘች። እናቴ ባዝቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ያንቺ ባል የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ቤቱ ይገባል" አለች። "የእሷን ባቡር ይዞት ሄደ። አንቺ በልጅሽ ትጠሪኛለሽ፣ በቤትሽ ትጠሪኛለሽ፣ በወለድሽ ቁጥር ትጠሪኛለሽ። እሷ በምን ትጥራኝ? 'እንጉዳይ በቅሏል፣ ነይ' ትለኛለች፤ ሌላ ምን አላት? አዝኜልሽ ነው የመጣሁት ብላት በር ትዘጋብኛለች፤ ታውቂያታለሽ። እናቷን ማብላት ነው የምትፈልገው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ትችያለሽ።"

ለታላቅ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ገና ሳልናገር እንባዬ ወረደ፤ የንዴት ነበር። ለእህቴ እንዲህ የተጨነቀችው እናቴ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተጨንቃልኝ አታውቅም። መቻሌ በደሌ ሆነ። በእንጉዳዩ ስቀና የኖርኩት ከንቱ ነበር፤ ከእንጉዳዩ በስተጀርባ የበለጠ የሚያስቀና ነገር ነበር።

"ቃሌ ቃል ነው" አለች እናቴ። "አንቺ ጋ ከበቀለ እመጣለሁ ብያለሁ። ሳጥኔን አንሺ ካልሽኝ ዛሬውኑ እነሳለሁ። ካላልሽኝ ደግሞ... ዝም አይነቅዝም።"

በዚህ መሃል የግቢው በር ሲጢጥ አለ። እህቴ ዱቄቷን ተሸክማ፣ ከወፍጮ ቤት የሰማችውን ወሬ ገና ከበር ጀምራ እያወራች፣ እየሳቀች መጣች። እናቴ እንቅቡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሳጥኑ ጥግ ላይ ነበር። ለመነሳት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ነጠላዬን በእንቅቡ ላይ መለስኩት።

"እትዬ! ምን ይዘሽ ነው?" አለች እህቴ።

"ሳማ ነው" አልኩ። "ከበረቱ ላይ ለቅሜ። ለወጥ።"

"ውይ፣ አሁንም ሳማ?" አለችና እንደዚያን ቀን ፊቷ ለስለስ አለ። "አይዞሽ። ዘንድሮም ሳህን ሙሉ እልክልሻለሁ።"

ቤቴ ሄጄ እንጉዳዩን ሠራሁት። ልጆቼ ድስቱን በጣታቸው ጠረጉት። ባሌ "ይሄ ከእህትሽ ይበልጣል" አለኝ። ስንት ዓመት ልሰማው የጓጓሁትን ቃል ሰምቼ ደስ አላለኝም። ነሐሴ ገባ፤ እናቴ ከቅንጭቡ ማዶ ጾመች።

በኅዳር ዐሥራ ሁለት ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ነጩን ክር እያየሁት፣ ምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ ጥቁሩ አፈር እስኪታይ ፋቅኩት። ክብሪቱን ስጭር እናቴ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ነበር። እንዳትረሺ አላለችኝም። ንጹሕ ነሽም አላለችኝም። ጭሱ ወደ እሷ ሲዞር እንኳ ሳትንቀሳቀስ እሳቱ እስኪበርድ ቆመች።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ባቡሩም ቆሟል፤ ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎበታል። አሁን የምንሻማበት ሰው የለም፤ በረቴን ብተወው በሁለተኛው ክረምት እንጉዳይ ይሞላዋል። ኅዳር ሲመጣ ግን እጄ ዶማውን ያነሳል። ሲቃጠል እናደዳለሁ፤ ሳላቃጥል ደግሞ አላድርም።

በየፍልሰታው እህቴ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና ትመጣለች። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሷ ግን ያው ትስቃለች። እፊቷ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እጅ ያስቆረጥማል፤ እሱም ያናድደኛል።

"ያንቺን አፈር ምን እንደነካው እኮ አልገባኝም፣ እትዬ" ትለኛለች።

"እኔም አልገባኝም" እላታለሁ።

ዘንድሮ ሳህኑን ስትቀበለኝ "እማዬ እኮ ለእንጉዳዬ ስትል ነው እስከ መጨረሻዋ እኔ ጋ የኖረችው" አለችኝ። ፊቷ በራ። ከዚያ ደግሞ እኔን አየችና የደበረኝ መሰላት፤ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"አዎ" አልኳት። "እንጉዳይሽን ትወድ ነበር።"